ከቢንግሃም ጉድጓድ እስከ ጨው ሐይቅ፦ የአንድ ቶን ድንጋይ መንገድ በአምስት ቀን

ይህ ማስታወሻ በአሜሪካ ዩታ ግዛት የሚገኘውን የቢንግሃም ካንየን መዳብ ማውጫ ከአጥሩ ውጪ፣ ማንም ሰው በሚነዳበት መንገድ እየተከተለ የሚሄድ ነው። ድንጋዩ ከተራራው ተነስቶ ሐይቁ ዳር እስኪደርስ ያለው መስመር ከጫፍ ጫፍ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። አምስት ቀን የሚፈጀው እያንዳንዱ ፌርማታ ላይ የሚታየውን ለመረዳት ነው። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቀን 1፦ ላርክ

ከሶልት ሌክ ሲቲ ወደ ደቡብ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ የኦከር ተራሮች ፊት ለፊት ይመጣሉ። ከታች ሆኖ ጉድጓዱ አይታይም። የሚታየው በተራራው ጎን ላይ የተደፋ ግራጫ የድንጋይ ክምር ነው፤ ብዙ ሰው ተራራው ራሱ መስሎት ያልፈዋል። ጉብኝቱን ከዚህ ክምር መጀመር ይሻላል። መዳብ ማውጫ የሚባለው ቦታ ቀን ከሌት የሚያመርተው ድንጋይ ነው፤ መዳቡ ከውስጡ የሚለቀም ጥቂት ነገር ነው።

የጎብኚዎች ቦታው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ግድም ብቻ ክፍት ነው። ቲኬቱ ቀድሞ በኢንተርኔት ይያዛል፣ መኪና ላርክ በሚባለው ቦታ ይቆማል፣ ከዚያ አውቶቡስ ወደ ጉድጓዱ አፍ ይወስዳል። የርቀት መነጽር ይዛችሁ ሂዱ። ያለ መነጽር የሚታየው መልክዓ ምድር እንጂ ሥራ አይደለም።

ጉድጓዱ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት፣ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። ግድግዳው እርከን እርከን ነው። ከሩቅ የኮንሶን እርከን ያስታውሳል፣ ሥራው ግን ሌላ ነው፤ የኮንሶው አፈር እንዳይሸሽ ይይዛል፣ የዚህኛው ከላይ የሚንከባለል ድንጋይ እታች ያሉት ሰዎች ላይ ሳይደርስ ይይዛል። አንዱ እርከን 15 ሜትር ቁመት አለው፤ ከአራት ፎቅ በላይ ነው። ከአፉ ላይ ሲያዩት ግን የደብተር መስመር ነው የሚመስለው።

በአንድ ወቅት ማውጫው በቀን የሚያንቀሳቅሰው ቁስ 450,000 ቶን ግድም ይባል ነበር፤ ከዚህ ወደ ክሬሸር የሚገባው 150,000 ቶን ያህል ነው፣ የቀረው ባዶ ድንጋይ ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዞ አንድ ቶን ማዕድናማ ድንጋይ እንከተል። የመዳብ ይዘቱ ከመቶ ግማሽ ነው እንበል፤ ማለትም ከ1,000 ኪሎው 5 ኪሎ መዳብ ነው። ለእሱ ሲባል ሌላ ሁለት ቶን ባዶ ድንጋይ ተነስቷል። ያ ሁለት ቶን ዛሬ መጀመሪያ ያያችሁት ክምር ውስጥ አለ፤ የእሱ ጉዞ እዚያው አብቅቷል።

ቀን 2፦ በተርፊልድ ሸለቆ

ሁለተኛው ቀን የጂኦሎጂ ነው። ከሄሪማን ከተማ ተነስቶ በበተርፊልድ ሸለቆ የሚወጣው መንገድ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ በክረምት በበረዶ ምክንያት ይዘጋል። በመንገዱ ዳር የተቆረጠው አለት ኳርትዛይትና የኖራ ድንጋይ ነው። ይህ ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ አሸዋና ኖራ ሲሆን፣ በኋላ በተራራ ግንባታ ተጣጥፏል። ንጣፎቹ ወደየት እንዳዘነበሉ እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ነገ ይፈለጋል።

መዳቡ የመጣው በጣም ዘግይቶ ነው። ከ38 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቅልጥ አለት ከታች ተነስቶ እነዚህን ንጣፎች ሰንጥቆ ገባና ሞንዞናይት የሚባል አለት ሆኖ ረጋ። ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ውኃ ማምለጫ ያጣል፤ ግፊቱ ሲበረታ አለቱን እንደ ተሰነጠቀ ብርጭቆ በሺህ አቅጣጫ ይተረትረዋል። በእነዚያ ስንጥቆች መዳብ፣ ድኝ፣ ወርቅና ሞሊብዲነም የሚባል ሌላ ብረት የያዘ ትኩስ ጨዋማ ውኃ ወጣ። ውኃው ከ425 ወደ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ መዳቡን መሸከም አቃተውና ጣለው። እንዲህ ያለው ክምችት ፖርፊሪ ይባላል። እንደ ወርቅ ጅማት የሚከተሉት አንድ መስመር የለም፤ መዳቡ በሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው ስንጥቆችና በነጠብጣብ ተራራውን በሞላ ተረጭቷል። ከመሬት በታች ዋሻ እየቆፈሩ መልቀም የማያዋጣውና ተራራውን በሙሉ ማንሳት ግድ የሆነው ለዚህ ነው።

ክምችቱ የተደፋ ስኒ ቅርጽ አለው። መሐሉ መዳብ አልባ ነው፤ በዙሪያው ሞሊብደናይት (የሞሊብዲነም ማዕድን)፣ ቀጥሎ ቦርናይትና ካልኮፓይራይት (ሁለቱም የመዳብ ማዕድን) ከወርቅ ጋር፣ ከዚያ ፓይራይት (መዳብ የሌለበት የብረትና የድኝ ማዕድን) የበዛበት ቀለበት፣ ከሁሉም ውጪ እርሳስ፣ ዚንክና ብር ይመጣሉ። የቦታው ታሪክ ይህንኑ ቀለበት ከውጪ ወደ ውስጥ ተከትሎ መሄዱ ይገርማል። በ1863 ወታደሮች መጀመሪያ ያገኙት ዳር ላይ ያለውን የእርሳስና የብር ድንጋይ ነበር። ከዳሩ ወደ ውስጥ ያለው መዳብም ይታወቅ ነበር፣ ግን 2 በመቶ ብቻ ስለሆነ የሚፈልገው አልነበረም። ዳንኤል ጃክሊንግ የሚባል መሐንዲስ በገፍ ቢቆፈር ያዋጣል ብሎ ተከራከረ፤ ዩታ ኮፐር የተባለው ኩባንያ በ1903 ተቋቋመ፣ በ1906 በእንፋሎት የሚሠሩ አካፋዎች ተራራውን ከላይ መግፈፍ ጀመሩ። ዛሬ ያ 2 በመቶ ብርቅ ነው።

ድንጋዮቹን መለየት ለሚፈልግ የኪስ ቢላና ማጉያ መነጽር ይበቃል። ካልኮፓይራይት የነሐስ ቢጫ ነው፤ ቢላ ይጭረዋል፣ ባልተለበጠ ሸክላ ላይ ሲፈገፈግ አረንጓዴ ያዘለ ጥቁር መስመር ይተዋል። ፓይራይት ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፣ ቢላ አይጭረውም። ቦርናይት አየር ሲነካው እንደ ፒኮክ ላባ ሐምራዊና ሰማያዊ ይሆናል። ሞሊብደናይት ግራጫና ለስላሳ ነው፣ ወረቀት ላይ እንደ እርሳስ ይጽፋል። ካልኮፓይራይት አንድ ሦስተኛው መዳብ፣ ቦርናይት ደግሞ 63 በመቶው መዳብ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ድንጋይ እኩል ቢያብለጨልጩም ዋጋቸው እኩል አይደለም።

ቀን 3፦ እንደገና ወደ ጉድጓዱ

አንድ ቀን ለዚህ ጉድጓድ አይበቃውም። ዛሬ መነጽሩን አንድ እርከን ላይ ብቻ አድርጋችሁ ቆዩ።

መጀመሪያ የሚታየው ረጅም ምሰሶ ያለው መሰርሰሪያ ማሽን ነው። የሚቆፍረው ቀዳዳ 31 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ከእርከኑ ቁመት ጥቂት ያልፋል። ትርፉ ያለ ምክንያት አይደለም። ልክ 15 ሜትር ላይ ቢቆም የእርከኑ እግር ሳይሰበር ይቀራል፣ ሾቭሉም፣ ማለትም ድንጋዩን ዝቆ የሚጭነው ግዙፍ ማሽን፣ እየነቀነቀ ጥርሱን ይጨርሳል። ከቀዳዳው የሚወጣው ዱቄት በአፉ ዙሪያ ይከመራል፤ ከእሱ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል። የትኛው መኪና ወደ ክሬሸር፣ የትኛው ወደ ክምር እንደሚሄድ የሚወስነው ይህ ዱቄት ነው። ናሙናው ነፋስ ደቃቁን ከወሰደው በኋላ ከተያዘ ውጤቱ ይሳሳታል፤ መዳብ ያለበት ድንጋይ ክምር ላይ ይደፋል፣ ወይም ባዶ ድንጋይ ወፍጮ ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ኪሳራ ነው፣ ሁለተኛው ግን መብራትም ይበላል።

እያንዳንዱ ቀዳዳ ወደ 550 ኪሎ ፈንጂ ይወስዳል። መሠረታዊው ቅልቅል 94 በመቶ አሞኒየም ናይትሬት ከ6 በመቶ ናፍጣ ጋር ነው። አሞኒየም ናይትሬት ውኃ ያሟሟዋል፤ ስለዚህ ቀዳዳው ውኃ ካቆረ ውኃ የማይበግረው ኢመልሽን የሚባል ፈንጂ ይሞላል። ካፈነዱ በኋላ ብርቱካናማ ጭስ ከወጣ ቅልቅሉ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ውኃ ገብቶበታል ወይም ናፍጣው አንሷል። ጭሱ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ስለሆነ መርዛማ ነው፣ እስኪጠራ ማንም አይጠጋም። የቀዳዳው አፍ በተፈጨ ድንጋይ ይደፈናል። ድፍኑ ካጠረ ኃይሉ ወደ ላይ ያመልጥና ድንጋይ እንደ ጥይት ይበርራል፤ ከረዘመ ደግሞ የላይኛው ክፍል ሳይሰበር ትልልቅ ቋጥኝ ይሆናል። ቀዳዳዎቹ በአንድ ጊዜ አይፈነዱም፣ በሺዎች በሚከፈል ሰከንድ ልዩነት ተራ በተራ ነው፤ የፊተኛው ረድፍ ተንቀሳቅሶ ለኋለኛው ቦታ ይለቃል።

ከዚያ ሾቭሉ ይመጣል። በኤሌክትሪክ ይሠራል፣ ገመዱን እየጎተተ። በአንድ ዝቅታ 90 ቶን ያህል ያነሳል፣ በሦስት ወይም በአራት ዝቅታ አንድ መኪና ይሞላል። ከመኪናዎቹ አንዱ ዓይነት ኮማትሱ 930ኢ 290 ቶን ይጭናል፤ ሃያ አምስት ሃያ አምስት ቶን የጫኑ ደርዘን ያህል ሲኖትራኮች ማለት ነው። ጎማው ከ3.5 ሜትር በላይ ቁመት አለው። የናፍጣ ሞተሩ ጎማውን በቀጥታ አያዞርም፤ ጄኔሬተር ያዞራል፣ መኪናውን የሚነዳው በኋላ ጎማዎቹ ውስጥ ያለ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ቁልቁል ሲወርድ ያው ሞተር ተገላብጦ ይይዘዋል፣ ጉልበቱም በሙቀት መልክ ይወጣል።

ጎማን የሚገድለው ሁለት ነገር ነው፦ መንገድ ላይ የወደቀ ስለታም ድንጋይና ሙቀት። ስለዚህ ከሾቭሉ ሥር የሚጠርግ ማሽን አይጠፋም፣ ውኃ የሚረጭ ቦቴም ይዞራል። ቦቴው ካበዛው ደግሞ መንገዱ ሳሙና ይሆናል። ከሁሉ የሚያናድደው የሾቭል ጥርስ ነው። ጥርሱ ተነቅሎ ከጭነቱ ጋር መኪና ውስጥ ከገባ ክሬሸሩ አፍ ላይ ይሰነቀራል፤ ብረቱን ቆርጦ ማውጣት አደገኛም ረጅምም ሥራ ነው። ጥርሶቹን የሚቆጥር ካሜራ ሾቭል ላይ የሚገጠመው ለዚህ ነው።

አሁን መነጽሩን ወደ ሰሜን ምሥራቁ ግድግዳ አዙሩ። እርከኑ የተቋረጠበት ትልቅ ጠባሳ ማነፌ ይባላል። ሚያዝያ 10 ቀን 2013 ማታ 3፡30 ገደማ ግድግዳው ተናደ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ሁለተኛ ናዳ ተከተለው። በሁለቱ ናዳ የወረደው ድንጋይ 145 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር። አንድም ሰው አልተጎዳም። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነበር፤ ራዳርና መለኪያዎች ግድግዳው መንቀሳቀሱን ከወራት በፊት ይዘውታል፣ ፍጥነቱ በየቀኑ ሲጨምር ሠራተኛው ወጣ፣ የያኔው የጎብኚዎች ማዕከልም ተዘጋ። የተሳሳተው የርቀት ግምት ነው። ናዳው ከተጠበቀው በላይ ርቆ ሄዶ እታች የቆሙ ሾቭሎችንና ከደርዘን በላይ መኪኖችን መታ። የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናዳው 16 ትንንሽ የመሬት መንቀጥቀጦች እንደቀሰቀሰ ጽፈዋል።

ምክንያቱ ትናንት ልብ ያላችሁት ዝንባሌ ነው። ንጣፍ ወደ ጉድጓዱ ካዘነበለና በመሐሉ ደካማ ሽፋን ካለ፣ እግሩን ስትቆርጡት ላዩ እንደ መጽሐፍ ክምር ይንሸራተታል። ታዲያ ለምን ግድግዳውን አላልታችሁ አትሠሩትም ለሚል፣ ሒሳቡ ይኸው። 1,000 ሜትር ቁመት ያለውን ግድግዳ ከ40 ዲግሪ ወደ 39 ለማላላት ላዩ 43 ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል። ለአንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት ብቻ ይህ 56 ሚሊዮን ቶን ያህል ትርፍ ባዶ ድንጋይ ነው፣ ያውም ለአንድ ዲግሪ።

ቀን 4፦ ኮፐርተን

ኮፐርተን ከጉድጓዱ ምሥራቅ ያለች ትንሽ የሠራተኞች መንደር ናት፣ በ1926 መገንባት ጀመረች። ኩባንያው ምርቱን ለማስተዋወቅ ቤቶቹን በመዳብ ጣሪያና አሸንዳ ሠርቷቸዋል። በእግር ለመዞር ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የቀድሞዋ የቢንግሃም ከተማ ግን የለችም፤ ጉድጓዱ እየሰፋ ሲመጣ ውጧት በ1971 ከተማነቷ ቀረ።

ድንጋያችን እዚህ የሚደርሰው በመኪና አይደለም። የተጫነ መኪና 10 በመቶ ዳገት ላይ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄድ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ለመውጣት ሦስት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ክሬሸሩ ጉድጓዱ ውስጥ ተተከለ። አሠራሩ ሙቀጫና ዘነዘና ነው፤ ዘነዘናው ግን አይወቅጥም፣ በቦታው እየተወዛወዘ ድንጋዩን ከግድግዳው ጋር ይጨፈልቀዋል። ከ25 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነው ድንጋይ በተራራው ውስጥ በሚያልፍ 8 ኪሎ ሜትር ኮንቬየር (ተንቀሳቃሽ ቀበቶ) ወደ ኮፐርተን ማበልጸጊያ ይወጣል።

እዚያ ሳግ ሚል ይጠብቀዋል፤ ከ10 ሜትር በላይ ስፋት ያለው የሚሽከረከር በርሜል ነው። ድንጋዩ ራሱን በራሱ ይፈጫል፣ የቡጢ መጠን ያላቸው የብረት ኳሶችም ያግዙታል። ቀጥሎ ቦል ሚል የሚባል በብረት ኳስ የሚፈጭ ወፍጮ እንደ ደቃቅ አሸዋ ያደርገዋል። ከዚህ መንገድ ሁሉ መብራት የሚበላው ይህ ነው። ልኩን ማግኘት ደግሞ ከባድ ነው፦ ሻካራ ከቀረ መዳቡ ከድንጋዩ ጋር ተጣብቆ ይጠፋል፤ ከልክ በላይ ከላመ ቅንጣቱ አረፋ ላይ መያያዝ ያቅተዋል።

አረፋው ነው የጥበቡ እምብርት። ጭቃማው ፈሳሽ ትልልቅ ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ ከታች አየር ይነፋበታል። የሚጨመረው ኬሚካል የመዳቡን ቅንጣት ገጽ ውኃ ጠል ያደርገዋል፤ ቅንጣቱ የአየር አረፋ ላይ ተንጠልጥሎ ይወጣል፣ ድንጋዩ ይሰምጣል። ኖራ ይጨመርና ፈሳሹ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ይሆናል፣ ፓይራይቱ አብሮ እንዳይንሳፈፍ። ኖራው ካነሰ ፓይራይት ይወጣና ምርቱን ያረክሰዋል። ሸክላ ያለበት ድንጋይ ከመጣ አረፋው ይወፍርና ቆሻሻውን ሁሉ ተሸክሞ ይወጣል። ዝናብና አየር የበላው፣ አረንጓዴ የሆነ መዳብ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይንሳፈፍም።

ሞሊብደናይቱ ከመዳቡ ጋር ይወጣል፣ በሌላ ዙር ይለያል። ለዚህ ሶዲየም ሃይድሮሰልፋይድ ይጨመራል፤ መዳቡ ይሰምጣል፣ ሞሊብደናይቱ ይንሳፈፋል። ይህ ኬሚካል አሲድ ከነካው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ይወጣዋል። የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ ግን የማሽተት ችሎታን ስለሚገድል በአፍንጫ የሚተማመን ሰው ይሞታል። በዚህ ክፍል የሚሠራ ሰው የጋዝ መለኪያ ደረቱ ላይ ሳያንጠለጥል አይገባም።

ከአንድ ቶናችን ምን ቀረ? ከ5 ኪሎው መዳብ 4.4 ኪሎ ያህሉ ተያዘ እንበል። 26 በመቶ መዳብ ባለው ዱቄት መልክ ሲሆን 17 ኪሎ ነው። ዱቄቱ ከውኃ ጋር በ27 ኪሎ ሜትር ቱቦ ወደ ሰሜን ይላካል። ቱቦው ካዘገመ ከባዱ ዱቄት ሥሩ ላይ ይተኛል፣ ከቆመ ይደፍነዋል፤ ስለዚህ ከመቆሙ በፊት በውኃ ይታጠባል። የቀረው 983 ኪሎም በሌላ መስመር ወደዚያው ወደ ሰሜን ይሄዳል።

ቀን 5፦ ማግናና የሐይቁ ዳር

በኢንተርስቴት 80 ወደ ምዕራብ ሲነዳ ከሩቅ የሚታየው የማቅለጫው ጭስ ማውጫ ነው። በ1974 የተሠራ፣ 370 ሜትር የሚረዝም። የያኔው ብልሃት ጋዙን ከፍ አድርጎ መበተን ነበር። አሁን ከላዩ የሚወጣው እምብዛም አይታይም፣ ምክንያቱም በ1995 የተተከለው ማቅለጫ ድኙን ይይዘዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዱቄቱ እስኪበንን ይደርቃል፣ ከኦክሲጅን ጋር ወደ ምድጃው ይነፋል፣ አየር ላይ እያለ ይቀጣጠላል። ዋናው ማገዶ በውስጡ ያለው ድኝና ብረት ነው። ከታች 70 በመቶ ያህል መዳብ ያለው ማት የሚባል ቅልጥ ይጠራቀማል፣ አተላው ከላዩ ይንሳፈፋል። በሌሎች ማቅለጫዎች ማት በባልዲ ተይዞ በክሬን ወደ ሁለተኛው ምድጃ ይጓዛል፤ ጋዙ የሚያመልጠው በዚያ መሐል ነው። እዚህ ግን ማቱ በብዙ ውኃ ተመትቶ ወደ ጥራጥሬ ይለወጣል፣ ይፈጫል፣ እንደገና እንደ ዱቄት ወደ ሁለተኛው ምድጃ ይነፋል። በብዙ ውኃ የሚለው ቃል እንዳያመልጣችሁ። ቅልጥ በብዙ ውኃ ላይ ሲወርድ ይበታተናል፤ ጥቂት ውኃ ከቅልጥ በታች ሲታፈን ግን በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል። የሚወጣው የድኝ ጋዝ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆንና ይሸጣል።

ከሁለተኛው ምድጃ የወጣው መዳብ ንጽሕናው 98 በመቶ ቢያልፍም ለሽቦ አይሆንም። ወፍራም ሳህን ሆኖ ይቀረጽና ማጣሪያው ውስጥ፣ በመዳብ ሰልፌትና በሰልፈሪክ አሲድ ገንዳ፣ ከማይዝግ ብረት ሉሆች መሐል ይሰቀላል። የሚሰጠው ቮልቴጅ ከእጅ ባትሪ ያነሰ ነው፣ አምፔሩ ግን ብዙ። በአሥር ቀን ገደማ መዳቡ ከሳህኑ ሟሙቶ ሉሁ ላይ ይለጠፋል፣ 99.99 በመቶ ንጹሕ ሆኖ። ወርቅና ብር አይሟሙም፤ ሥሩ ላይ ጥቁር ዝቃጭ ሆነው ይቀመጣሉ፣ እነሱም ተለቅመው ይሸጣሉ። ብልሽቱ እዚህ ጸጥተኛ ነው፦ ሉሁ ላይ ኪንታሮት የመሰለ እብጠት ይበቅልና ከሳህኑ ይነካካል፣ ኤሌክትሪኩ በአቋራጭ ያልፋል፣ ሥራ ሳይሠራ ይሞቃል። ስለዚህ መለኪያ የያዘ ሰው በገንዳዎቹ ላይ እየዞረ የጋለውን ይፈልጋል።

አንድ ቶን እንዲህ ያለ መዳብ እስኪሞላ ከጉድጓዱ ወደ 230 ቶን ማዕድናማ ድንጋይ፣ ከእሱ ጋር 450 ቶን ያህል ባዶ ድንጋይ ተነስቷል።

የእኛ 983 ኪሎ ደግሞ በአውራ ጎዳናውና በማግና መሐል ተኝቷል። ከመንገዱ ሲያዩት ረጅም፣ ጠፍጣፋ፣ ፈዛዛ ቡኒ ግድብ ነው። ሻካራው አሸዋ ዳር ላይ ይቀርና ግድግዳ ይሆናል፣ ደቃቁ ከውኃው ጋር ወደ መሐል ይሄዳል። ውኃው ተጠራቅሞ ወደ ኮፐርተን ይመለሳል። እዚህ ከምንም በላይ የሚፈራው ነውጥ ነው፤ ውኃ የጠጣ አሸዋ ሲናወጥ እንደ ፈሳሽ ይሄዳል፣ መጋቢት 18 ቀን 2020 ደግሞ ማግና አጠገብ መጠኑ 5.7 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሷል። ከነውጥ ቀጥሎ ነፋስ ነው። ላዩ ከደረቀ ዱቄቱ ወደ ማግና ቤቶች ይበንናል፤ ስለዚህ እርጥብ ተደርጎ ይያዛል፣ ሥራ ያቆመው ክፍል ላይ ደግሞ ሣር ይዘራል። ፀደይ ላይ የደቡብ ነፋስ ሲነሳ በዚህ መንገድ የምታልፉ ከሆነ የመኪናችሁን መስኮት ዝጉ፣ የውኃው መርጫ በየትኛው ክፍል ላይ እንደሚሠራም ተመልከቱ፤ ደርቆ የሚያሰጋው ያ ነው።